ማይግሬን ሲነሳብን የምንውጠው መድኃኒት ከየት መጣ?



«ዶክተር፣ ለማይግሬን የሚሻለው መድኃኒት የትኛው ነው?» ስለ ራስ ምታት በጻፍኩ ቁጥር ይህ ጥያቄ በውስጥ መስመር ይመጣል። የአንድ መድኃኒት ስም ጽፌ መመለስ ቀላል ነበር። ግን ለአንዱ ፈውስ የሆነው እንክብል ሌላውን እግሩን ሊያሳጣው ይችላል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ ታሪኩን ስታነቡ ትረዱታላችሁ።

ስለዚህ ዛሬ መልሱን በታሪክ በኩል ልንገራችሁ። የማይግሬን መድኃኒቶች ታሪክ አንድ ደስ የሚል ባሕርይ አለው፤ እያንዳንዱ አዲስ መድኃኒት የተፈለገው የቀደመውን ጉድለት ለማረም ነው። ጉድለቱን ያወቀ ሰው ደግሞ በእጁ ያለውን መድኃኒት እንዴት መውሰድ እንዳለበትም ያውቃል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የማወራውም ሕመሙ ሲነሳ ስለሚወሰዱት እንጂ በየቀኑ ስለሚወሰዱት መከላከያ መድኃኒቶች አይደለም።

ማይግሬን ራስ ምታት ብቻ አይደለም

ማይግሬን ያለበት ሰው ምን እንደሚሰማው ያልያዘው አያውቀውም። ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን እንደ ልብ ትርታ የሚመታ ሕመም ነው። ብርሃን ይከብዳል፣ ድምፅ ይከብዳል፣ ሽታ ይረብሻል፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይከተላል። ደረጃ መውጣት እንኳን ያባብሰዋል። አንዳንዱ ሰው ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ዓይኑ ላይ የሚብለጨለጭ ብርሃን ወይም የተሰባበረ መስመር ያያል። ካልታከመ ከ4 ሰዓት እስከ 3 ቀን ሊቆይ ይችላል።

ስሙ ራሱ ጥንታዊ ነው። ግሪኮች «ሄሚክራንያ» ይሉት ነበር፤ የራስ ቅል ግማሽ ማለት ነው። ቃሉ በላቲንና በፈረንሳይኛ አፍ ሲንከባለል ማይግሬን ሆነ። እኛም «የአንድ ወገን ራስ ምታት» የምንለው ያንኑ ነው።

ለብዙ ዘመናት ግን ለዚህ ሕመም የተለየ መድኃኒት አልነበረም። ጭንቅላቱን በሻሽ ጠፍሮ አስሮ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቶ እስኪያልፍ መጠበቅ የሁሉም አገር ሰው ዕጣ ነበር። የመጀመሪያው የተለየ መድኃኒት የተገኘው ማንም ከማይጠብቀው ቦታ፣ ሰውን ከሚገድል የእህል በሽታ ነው።

እጅና እግር የሚያደርቀው እህል

አውሮፓ ውስጥ ራይ የሚባል፣ ስንዴንና ገብስን የሚመስል እህል ይበላል። በእርጥብና ቀዝቃዛ ዓመት የራይ ዛላ ላይ ኤርጎት የሚባል ፈንገስ ይበቅላል። በፍሬው ፈንታ ጥቁር፣ የዶሮ ጥፍር የሚመስል ነገር ይወጣል። ይህ ከእህሉ ጋር ተፈጭቶ ዳቦ ሲሆን የበላውን ሰው ደም ስሮች አጥብቆ ያኮማትራል። ደም ወደ እጅና እግር ጣቶች መድረስ ያቅተዋል። መጀመሪያ እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ከዚያ ይደነዝዛል፣ በመጨረሻ ጣቱ ወይም እግሩ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይደርቃል። ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተጻፉ የአውሮፓ ዜና መዋዕሎች ይህን መቅሠፍት ይመዘግባሉ።

በመካከለኛው ዘመን ሕመሙ «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» ተባለ። በእኛም ቤተ ክርስቲያን የመነኮሳት አባት ተብለው የሚታወቁት አባ እንጦንስ ናቸው። በስማቸው የተቋቋመው የፈረንሳይ መነኮሳት ማኅበር እነዚህን ሕሙማን እየተቀበለ ያስታምም ነበር።

ይህ የሩቅ አገር የሩቅ ዘመን ታሪክ ይመስላል። አይደለም። በ1977 እና 1978 በወሎ ከድርቅ በኋላ ሰዎች እጅና እግራቸው እየጠቆረ ታመሙ፣ የሞቱም አሉ። ሐኪሞች ሲመረምሩ ምክንያቱ ያው ፈንገስ ሆኖ ተገኘ። የበቀለው ግን ራይ ላይ አልነበረም፤ ከእህሉ ጋር አብሮ በሚበቅለው በሲናር ላይ ነበር። በ2001 ደግሞ በአርሲ በተበከለ ገብስ ምክንያት ተመሳሳይ ሕመም ተከሰተ፤ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እህሉን በላቦራቶሪ መርምረው መርዙን አረጋግጠዋል። የቸገረው ሰው ሲናሩን ለቅሞ ለመጣል አቅም የለውም፤ ያገኘውን ይበላል። ስለዚህ ኤርጎት ለኛ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም።

ታዲያ ይህ መርዝ እንዴት መድኃኒት ሆነ?

ከአዋላጆች እጅ ወደ ሐኪም ቤት

የአውሮፓ አዋላጆች ኤርጎት ማሕፀንን እንደሚያኮማትር በልምድ ያውቁ ነበር። ምጥ የዘገየባት ሴት በጥቂቱ ይሰጧት ነበር። በ1808 ጆን ስተርንስ የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም ይህን በጽሑፍ አሳወቀ፤ ሐኪሞችም ተቀበሉት። ነገር ግን መጠኑን መቆጣጠር አይቻልም ነበር። ምጡ ከልክ በላይ እየበረታ እናቶችና ሕፃናት ተጎዱበት። ከዚያ ወዲህ ኤርጎት ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም ለማቆም ብቻ እንዲውል ተመከረ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ማሕፀንን የሚያኮማትር ነገር ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

በ1868 ኤድዋርድ ዎክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ኤርጎትን ለነርቭ ሕመም ሞከረ። በ1883 ጀርመናዊው አልበርት ኦይለንቡርግ ለማይግሬን ተጠቀመበት። ውጤቱ ግን አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የፈንገሱ ጭማቂ ውስጥ ብዙ ዓይነት ንጥረ ነገር አለ፣ መጠኑም ከአዝመራ አዝመራ ይለያያል።

በ1918 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ፣ ሳንዶዝ በሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ አርተር ስቶል የተባለ ኬሚስት ከፈንገሱ ውስጥ አንዱን ንጥረ ነገር ንጹሕ አድርጎ ለየ። ስሙን ኤርጎታሚን አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪሙ ስንት ሚሊግራም እንደሰጠ ማወቅ ቻለ። በ1926 የዙሪኩ ሐኪም ሃንስ ማየር ኤርጎታሚን የማይግሬንን ሕመም እንደሚያቆም ጻፈ።

የሚገርመው፣ በዚያን ጊዜ የተሰጠበት ምክንያት ስህተት ነበር። ማይግሬን ሲምፓተቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍል ከልክ በላይ ሲሠራ የሚመጣ መስሏቸው፣ ኤርጎታሚን ያንን ነርቭ ያረጋጋል ብለው ነበር የሰጡት። መድኃኒቱ ሠራ፤ የሠራው ግን እነሱ ባሰቡት መንገድ አልነበረም።

የ1938ቱ ሙከራ

ኒውዮርክ ውስጥ ጆን ግራሃምና ሃሮልድ ዎልፍ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች አንድ ቀላል ነገር አደረጉ። በዓይንና በጆሮ መካከል እጃችሁን ብታሳርፉ የሚመታ ደም ስር ይሰማችኋል። ማይግሬን በያዛቸው ሰዎች ላይ የዚህን ደም ስር ምት በመሣሪያ መዘገቡ። ከዚያ ኤርጎታሚን ወጉና ጠበቁ። የምቱ ጉልበት ቀስ በቀስ ወረደ። ሕመሙም አብሮ ወረደ። በ1938 ይህን አሳተሙ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለ50 ዓመት ያህል ሐኪም ሁሉ ማይግሬንን የሚያስረዳው እንዲህ ነበር፦ የጭንቅላት ደም ስሮች ይለጠጣሉ፣ ያ ያማል፤ መድኃኒቱ ያጠብባቸዋል፣ ሕመሙ ይቆማል። ዛሬ ይህ ማብራሪያ ግማሽ እውነት እንደሆነ እናውቃለን። ግን ጥሩ ጥያቄ አስነሳ፦ «የጭንቅላትን ደም ስር ብቻ የሚያጠብ፣ የልብንና የእግርን የማይነካ መድኃኒት ቢገኝስ?»

ጥያቄው የመጣው ኤርጎታሚን ቦታ ስለማይመርጥ ነው። የእግርን፣ የእጅን፣ የልብንም ደም ስር ያጠባል። ያቅለሸልሻል። በአፍ ሲወሰድ ወደ ደም በደንብ አይገባም፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ ካፌይን የተጨመረበትም አንዱ ምክንያት እንዲገባ ለማገዝ ነው። ሌላም ጣጣ ነበረው። በ1951 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የሚሠሩት ፒተርስና ሆርተን አንድ ነገር አስተዋሉ። ኤርጎታሚንን አብዝተው የሚወስዱ ሕሙማን ራስ ምታታቸው እየበዛ ሄዶ በየቀኑ ሆነባቸው፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ጥቂት ቀን ከተሰቃዩ በኋላ ግን ብዙዎቹ ተሻላቸው። መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሆኖ ነበር።

ቡና የለመደ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጠዋት ቡና ያልጠጣ ሱሰኛ ራሱን ያመዋል፤ አንድ ስኒ ሲጠጣ ይለቀዋል። ስኒው ያዳነው ስኒው ራሱ ያመጣውን ሕመም ነው።

ሴሮቶኒንና የእንግሊዙ ተመራማሪ

በ1948 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ከደም ውስጥ ተለየ። በ1961 ጣሊያናዊው ፌዴሪጎ ሲኩቴሪ ማይግሬን በተነሳባቸው ሰዎች ሽንት ውስጥ የሴሮቶኒን ስባሪ እንደሚበዛ አሳየ። በ1967 በአውስትራሊያ ሲድኒ የጄምስ ላንስ ቡድን በሕመሙ ወቅት በደም ውስጥ ያለው ሴሮቶኒን እንደሚቀንስ አገኘ። ቀደም ብሎ በ1960 ሴሮቶኒን በደም ስር ሲሰጥ ሕመሙ እንደሚለቅ ታይቶ ነበር። ነገር ግን ሴሮቶኒን ለመድኃኒትነት አይሆንም፤ አንጀትን፣ ሳንባን፣ ደም ስርን ሁሉ ስለሚነካ የሚሰጠው ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል።

እዚህ ላይ ፓትሪክ ሃምፍሪ ይመጣል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ግላክሶ በሚባለው ኩባንያ ሥራ የጀመረ ወጣት ተመራማሪ ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሴሮቶኒን አንድ ቁልፍ ነው፤ በሰውነታችን ውስጥ ግን ይህን ቁልፍ የሚቀበሉ ብዙ ዓይነት በሮች አሉ። የጭንቅላት ደም ስር ላይ ያለው በር ከአንጀቱ በር የተለየ ከሆነ፣ ያንን አንዱን በር ብቻ የሚከፍት ቁልፍ መቅረጽ ይቻላል።

ለፍለጋው የውሻ የእግር ደም ስር ተጠቀሙ፤ ያ ደም ስር የሚፈልጉትን ዓይነት በር ይዞ ተገኝቷልና። የሴሮቶኒንን ኬሚካላዊ አካል ጥቂት በጥቂት እየለወጡ፣ አንድ በአንድ እየሞከሩ ዓመታት አለፉ። አንዱ ንጥረ ነገር በደም ስር ሲሰጥ ለሕሙማን ሠራ፤ ግን ሲዋጥ ወደ ደም አይገባም። እንደገና ቀረጹ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራው ሱማትሪፕታን ተባለ።

በ1991 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት 639 ሕሙማንን ያካተተ ነበር። ከ1 ሰዓት በኋላ 6 ሚሊግራም ሱማትሪፕታን ከቆዳ ሥር ከተወጉት 72 በመቶዎቹ ሕመማቸው በግልጽ ቀነሰ። መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ መርፌ ከተወጉት ግን 25 በመቶዎቹ ብቻ። በዚያው ዓመት በኔዘርላንድ፣ በ1992 መጨረሻ በአሜሪካ ተፈቀደ። ከዚያ ዞልሚትሪፕታን፣ ሪዛትሪፕታንና ሌሎች ወንድሞቹ ተከተሉ፤ ዛሬ ትሪፕታን የሚባሉት 7 ናቸው።

ለማይግሬን ሕሙማን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ከመድኃኒቱ ባልተናነሰ አንድ ሌላ ነገርም ተገኘ፦ እምነት። ለዘመናት «ጭንቀት ነው»፣ «የደካማ ሴት በሽታ ነው» ሲባል የኖረ ሕመም የተወሰነ በር እንዳለውና ለዚያ በር በተቀረጸ ቁልፍ እንደሚቆም ታየ። የሌለ በሽታ እንዲህ አይታከምም።

የቀረው ጉድለት

ትሪፕታን ከኤርጎታሚን እጅግ የተሻለ ቢሆንም የልብን ደም ስር ፈጽሞ አይነካም ማለት አይደለም። ያ በር በልብ ደም ስር ላይም በመጠኑ አለ። ስለዚህ የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ደም ስር መጥበብ ላለበት፣ ስትሮክ ለመታው፣ ደም ግፊቱ ላልተስተካከለ ሰው አይሰጥም። የማይሠራላቸው ሰዎችም አሉ። ስለዚህ ጥያቄው ተለወጠ፦ «ደም ስርን ጨርሶ ሳያጠብ ሕመሙን የሚያቆም መድኃኒት ይኖር ይሆን?»

መልሱ ከነርቭ በኩል መጣ። ፊታችንንና የአንጎላችንን ሽፋን ስሜት የሚያደርሰው ትራይጀሚናል የሚባል ነርቭ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ማይክል ሞስኮዊትዝ ማይግሬን የሚጀምረው በዚህ ነርቭና በደም ስሮቹ መገናኛ ላይ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሲጂአርፒ የሚባል ንጥረ ነገር ተገኘ። ስዊድናዊው ላርስ ኤድቪንሰን ይህ ንጥረ ነገር በዚያው ነርቭ ጫፎች ውስጥ እንደተከማቸ አሳየ።

በ1990 ኤድቪንሰንና አውስትራሊያዊው ፒተር ጎድስቢ ማይግሬን ከያዛቸው ሰዎች ደም ቀዱ። ደሙን የቀዱት ከሁለት ቦታ ነው፤ ከክንድና ከጭንቅላት ደም ይዞ በአንገት ከሚወርደው ደም ስር። የአንገቱ ደም ውስጥ ሲጂአርፒ ከፍ ብሎ ተገኘ። የክንዱ ግን አልተለወጠም። በ1993 ሱማትሪፕታን ሲሰጥ ሕመሙ እንደለቀቀ የሲጂአርፒው መጠንም እንደሚወርድ አሳዩ። ሱማትሪፕታን ደም ስርን ከማጥበብ በላይ ነርቩን ዝም ያሰኝ ነበር ማለት ነው።

ግን አንድ ነገር ከሌላው ጋር አብሮ ታየ ማለት አመጣው ማለት አይደለም። ስለዚህ በ2002 በዴንማርክ ኮፐንሃገን የየስ ኦሌሰን ቡድን ማይግሬን ላለባቸው ሰዎች በፈቃደኝነት ሲጂአርፒ በደም ስራቸው ሰጠ። ብዙዎቹ ላይ ሕመሙ ተነሳ። አሁን ምክንያቱ ተያዘ።

ከ2 ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ ሲጂአርፒ የሚገባበትን በር የሚዘጋ ኦልሴጄፓንት የተባለ መድኃኒት በ126 ሕሙማን ላይ ተሞከረ። በተመረጠው መጠን ከወሰዱት 66 በመቶዎቹ ሕመማቸው በ2 ሰዓት ውስጥ ሲቀንስ ማስመሰያውን የወሰዱት 27 በመቶ ነበሩ። ደም ስርም አላጠበበም። ችግሩ በደም ስር ብቻ የሚሰጥ መሆኑ ነው። ማይግሬን በሌሊት የያዘው ሰው ቤቱ ውስጥ ማን ግሉኮስ ይሰቅልለታል?

ጉበት ያስቆመው እንክብል

ቀጥሎ ቴልካጄፓንት መጣ፤ የሚዋጥ ነው። በ2008 የታተመ ጥናት እንደ ዞልሚትሪፕታን ያህል እንደሚሠራ አሳየ። ሁሉም ደስ አለው። ነገር ግን በመከላከያነት በየቀኑ በወሰዱ ጥቂት ሰዎች ላይ የጉበት ኢንዛይም ከፍ አለ። በ2011 ኩባንያው ሥራውን አቆመ። ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት መድኃኒት ፋርማሲ ሳይደርስ ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። «መድኃኒት ኩባንያዎች ለገንዘብ ብለው የማይረባ ነገር ይሸጡልናል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ጥርጣሬው አልፎ አልፎ መሠረት አለው። ግን የቴልካጄፓንት ታሪክም አለ። ሕመምን በእርግጥ የሚያቆም እንክብል፣ በጥቂት ሰዎች ደም ምርመራ ላይ በታየ ቁጥር ምክንያት ቀረ። ምርመራ የተፈለሰፈው ለዚህ ነው።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። ተመራማሪዎች ጉበት የማይነካ ቅርጽ ፈለጉ። በታኅሣሥ 2019 ኡብሮጄፓንት፣ በየካቲት 2020 ሪሜጄፓንት በአሜሪካ ተፈቀዱ። በ2023 በአፍንጫ የሚነፋው ዛቬጄፓንት ተጨመረ። በሌላ መስመር የመጣው ላስሚዲታን በ2019 ተፈቅዷል፤ እሱም ደም ስር አያጠብም፣ ግን ስለሚያደክም የወሰደው ሰው 8 ሰዓት ሳይሞላ መኪና መንዳት የለበትም። በ2021 ሞስኮዊትዝ፣ ኤድቪንሰን፣ ጎድስቢና ኦሌሰን ለአንጎል ምርምር የሚሰጠውን ትልቁን የዴንማርክ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ታዲያ አዲሱ ይሻላል?

ቁጥሩን በግልጽ እንየው። በጥናቶቹ ውስጥ ኡብሮጄፓንት ወይም ሪሜጄፓንት ከወሰዱ 100 ሰዎች ወደ 20 የሚሆኑት በ2 ሰዓት ውስጥ ሕመማቸው ሙሉ በሙሉ ጠፋ፤ ማስመሰያ ከወሰዱት ወደ 12። በ100 ሚሊግራም የሱማትሪፕታን እንክብል ግን በብዙ ጥናቶች ድምር ወደ 29 የሚሆኑት ነጻ ሆነዋል። ጥናቶቹ የተለያዩ ስለሆኑ ቁጥሮቹን እንደ እግር ኳስ ውጤት ማወዳደር አይገባም። ሆኖም አዲሶቹ ትሪፕታንን አሸነፉ የሚያሰኝ ነገር የለም። ትልቁ ጥቅማቸው ደም ስር ስለማያጠቡ ትሪፕታን ለተከለከለባቸውና ላልሠራላቸው ሰዎች አማራጭ መሆናቸው ነው። አሜሪካና አውሮፓ የምትኖሩ ተከታታዮች ይህን ከሐኪማችሁ ጋር መነጋገር ትችላላችሁ።

አገር ቤት ላላችሁት ደግሞ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ያልተወራለት አንድ ጥናት አለ። በ1995 የታተመ ነው። አስፕሪን ከሜቶክሎፕራማይድ፣ ማለትም ብዙዎቻችሁ ፕላሲል ከምትሉት የማስመለስ መድኃኒት ጋር ተሰጠ፤ በሌላ ወገን 100 ሚሊግራም ሱማትሪፕታን ተሰጠ። በ2 ሰዓት ውስጥ ሕመማቸው የቀነሰላቸው በአስፕሪኑ 57 በመቶ፣ በሱማትሪፕታኑ 53 በመቶ፣ በማስመሰያው 24 በመቶ ነበሩ። ከ100 ዓመት በላይ የኖረው ርካሹ አስፕሪን ከውዱ መድኃኒት እኩል ቆመ።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? ማይግሬን ሲነሳ ጨጓራ ሥራውን ያቀዘቅዛል። በ1970ዎቹ በእንግሊዝ አገር የተሠሩ ጥናቶች በሕመሙ ወቅት የተዋጠ አስፕሪን ወደ ደም ዘግይቶ እንደሚገባ አሳይተዋል። እንክብሉ ጨጓራ ውስጥ ቁጭ ይላል ማለት ነው። ሜቶክሎፕራማይድ ጨጓራውን ያንቀሳቅሰዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በጊዜ መዋጥ ነው። «ምናልባት ይለቀኝ ይሆናል» እያለ 3 ሰዓት ቆይቶ፣ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ የሚውጥ ሰው መድኃኒቱ አልሠራም ይላል። መድኃኒቱ ገና አልደረሰም።

ከታሪኩ የምንይዘው

1. በጊዜና በሙሉ መጠን። ማይግሬን መሆኑን ካወቃችሁ ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት ሕመሙ ቀላል ሳለ ውሰዱ። ግማሽ እንክብል እየቆረሱ ቀኑን ሙሉ መዋጥ አይጠቅምም።

2. ቀኑን ቁጠሩ። ኤርጎታሚን ወይም ትሪፕታን በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ፓራሲታሞልን፣ አይቡፕሮፌንን ወይም አስፕሪንን የመሰለ ማስታገሻ ብቻውን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። የ1951ዱ ትምህርት ይህ ነው። ግድግዳ ላይ ካለው ካላንደር ምልክት አድርጉ። ወደዚያ እየተጠጋችሁ ከሆነ መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋችሁ ይሆናልና ሐኪም አማክሩ።

3. ኤርጎታሚን ከሌላ መድኃኒት ጋር። ይህን እባካችሁ በጥሞና አንብቡ። ኤርጎታሚን ያለበትን እንክብል የምትወስዱ ሰዎች ሪቶናቪር፣ ሎፒናቪር ወይም አታዛናቪር የመሳሰሉ የኤችአይቪ መድኃኒቶች፣ ኤሪትሮማይሲን ወይም ክላሪትሮማይሲን፣ ኬቶኮናዞል ወይም ኢትራኮናዞል አብራችሁ መውሰድ የለባችሁም። እነዚህ ጉበት ኤርጎታሚንን እንዳያስወግድ ያግዱታል። ያኔ አንድ ወይም ሁለት እንክብል ብቻ የወሰደ ሰው በወሎና በአርሲ የታየው ዓይነት ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ከተቃጠለ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለፋርማሲስቱ መንገር አያሳፍርም፤ እግር ያድናል።

4. ነፍሰ ጡር ኤርጎታሚን አትወስድም። ምክንያቱን አዋላጆቹ ከ200 ዓመት በፊት አሳይተውናል። እርግዝና ያሰባችሁም አስቀድማችሁ ለሐኪም ንገሩ።

5. ኤርጎታሚንና ትሪፕታን በ24 ሰዓት ውስጥ አብረው አይወሰዱም። ሁለቱም ደም ስር ያጠባሉ።

6. አስፕሪንም ለሁሉ አይሆንም። የጨጓራ ቁስለት፣ የአስፕሪን አለርጂ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት፣ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ፣ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይሰጥም። ሜቶክሎፕራማይድም በሐኪም ትዕዛዝ እንጂ ለብዙ ቀን በራስ ፈቃድ አይወሰድም።

7. ሁሉም ራስ ምታት ማይግሬን አይደለም። በድንገት እንደ መብረቅ የመታ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ አንድ ወገን እጅና እግርን ያዛለ ወይም ንግግር ያወላገደ፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የመጣ፣ በእርግዝና ወቅት ወይም ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ ራስ ምታት በቤት አይታከምም። ማጅራት ገትር፣ የአንጎል ደም መፍሰስ ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላልና በፍጥነት ሐኪም ቤት።

እንግዲህ «የትኛው ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። የሚሻለው መድኃኒት የእናንተን ልብ፣ ማሕፀን፣ ጨጓራና ሌላ የምትወስዱትን መድኃኒት ግምት ውስጥ ያስገባ፣ በጊዜ የተዋጠና በወር ስንት ቀን እንደተወሰደ የተቆጠረ ነው። ጎረቤት የሰጠችው እንክብል ለጎረቤት ነው።

ኤርጎታሚን የሚወስድ ወዳጅ ወይም ዘመድ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አድርሱለት፤ በተለይ 3ኛውን ቁጥር። ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ።

ጤና ይብዛላችሁ!